አሮጌ ኮምፒውተሮች ፋይል አንጋራም ሲሉ ምን ይደረግ?

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ያሉ ፎቶ ቤቶችና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ባነሩ፣ የቲሸርቱ ጽሑፍ፣ የጥሪ ካርዱ፣ የእንግዳው ፎቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚህ መሀል "ዋናው ኮምፒውተር አልከፍት አለኝ" የሚል ድምፅ ከተሰማ ሥራው ይቆማል። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ይጀምራል። ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም ይዞራል።

በነዚህ ቤቶች ያሉት ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ የተቀላቀሉ ናቸው። አንዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ የድሮው ስካነር ወይም ፕሪንተር ከሱ ውጪ ስለማይሠራ አይጣልም። ሌላው ዊንዶውስ 7 ነው። ባለቤቱ በቅርቡ የገዛው ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ነው። ሦስቱም ደህና ማሽኖች ናቸው፤ ችግሩ እርስ በርስ መግባባቱ ላይ ነው። በትክክል ከተያዙ ገና ለዓመታት ያገለግላሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ያገኙትን ሴቲንግ ሁሉ አይነካኩ። ችግሩን ከታች ወደ ላይ ይፈልጉት፦ መጀመሪያ ኬብል፣ ቀጥሎ አድራሻ፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው ጠባቂ)፣ ከዚያ ሁለቱ ማሽኖች የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ መጨረሻ ላይ ፈቃድ። የታችኛው ሳይሠራ የላይኛውን መነካካት ሌላ ብልሽት መጨመር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ የቀየሩትን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ይሞክሩ። ካልሠራ ወደነበረበት ይመልሱት።

ለምሳሌ ያህል ሦስት ማሽኖችን ልያዝ። ኤክስፒው 192.168.1.10፣ ሰባቱ 192.168.1.20፣ አስሩ 192.168.1.30 ናቸው እንበል።

1. ኬብሉ

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ላይ ትንሽ መብራት አለች። ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ስዊቹ ላይም እንዲሁ። ሁለቱም ሊበሩ ይገባል። ካልበሩ ዊንዶውስ ውስጥ ምንም መፈለግ አያስፈልግም። መጀመሪያ ኬብሉን ነቅለው ስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ይሰኩት። ቀጥሎ በሚሠራ ኬብል ይቀይሩት። መብራቷ ከበራች ችግሩ ተገኘ።

ፒያሳ አካባቢ ባሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ዋይፋይ ከክፍል ክፍል በደንብ አያልፍም። ስለዚህ ብዙ ሰው ኬብል በመስኮት ወይም በበር ሥር ያሳልፋል። በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ኬብሉን ይጫነዋል። ውስጥ ያሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። አሮጌ ማሽኖች በብዛት የሚሠሩት በ100 ሜጋቢት ስለሆነ የሚጠቀሙት አራቱን ብቻ ነው፦ 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 6ኛውን። ከነዚህ አንዱ ከተቆረጠ አንዳንዴ በአንድ በኩል መብራት በርቶ በሌላው በኩል ጠፍቶ ያገኙታል። ኬብሉን በእጅዎ ይዘው በሩ የሚጫነው ቦታ ላይ ቀስ ብለው አጠፍ ዘርጋ ያድርጉት። መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች የተጎዳው እዚያ ነው።

ጫፉን እንደገና የሚያስሩ ከሆነ የቀለሙ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ያለ ስዊች ሁለት አሮጌ ማሽኖችን በቀጥታ የሚያገናኙ ከሆነ ግን ክሮስ ኬብል (ሁለቱ ጫፎቹ በተለያየ ቅደም ተከተል የታሰሩ) ሊያስፈልግ ይችላል፤ የድሮ ኔትወርክ ካርዶች ብዙዎቹ መስመሩን ራሳቸው አያዞሩትም። በስዊች በኩል ከሆነ ይህ አያሳስብም።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የተፈጠረ ችግር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ስዊቹን ይጠርጥሩ። መብራቶቹ ሁሉ በርተው ምንም ላያስተላልፍ ይችላል። ከሶኬት ይንቀሉት፣ ትንሽ ይቆዩ፣ መልሰው ይሰኩት።

2. አድራሻው

ስታርት ውስጥ ገብተው ራን የሚለውን ይክፈቱ፣ ሲኤምዲ (cmd) ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። በሚመጣው ጥቁር መስኮት ላይ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለው ይጻፉ። የዚያን ማሽን አይፒ አድራሻ ያሳይዎታል። ይህን በሁሉም ማሽኖች ላይ ያድርጉና ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ይጻፏቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች በሁሉም ላይ አንድ መሆን አለባቸው። በምሳሌያችን 192.168.1 ናቸው። የመጨረሻው ቁጥር ግን የግድ ይለያል። ሰብኔት ማስክ የሚለው በሁሉም ላይ 255.255.255.0 ይሁን።

አንዱ ማሽን ላይ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካዩ ያ ማሽን ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ አላገኘም ማለት ነው። ለራሱ የፈጠረውን ነው የያዘው። ወደ ኬብሉና ወደ ራውተሩ ይመለሱ።

ላፕቶፑ ላይ 192.168.43 የሚል ካዩ ደግሞ ያ የብዙ የቆዩ አንድሮይድ ስልኮች ሆትስፖት አድራሻ ነው። ይህ በጣም ያጋጥማል። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ አንዱ ሠራተኛ ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር ያገናኘዋል፣ ከዚያ "ሼር የተደረገው ጠፋ" ይባላል። የጠፋ ነገር የለም። ላፕቶፑ ሌላ ኔትወርክ ላይ ነው ያለው። ወደ ቤቱ ዋይፋይ ወይም ወደ ኬብሉ ይመልሱት።

ማሽኖቹ ጥቂት ከሆኑ ቋሚ አድራሻ መስጠት ይሻላል እላለሁ፤ በተለይ ፋይሉ ለተቀመጠበት ማሽን። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር አድራሻው ከተቀያየረ ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም። የሚሰጡት ቁጥር ራውተሩ ራሱ ከሚያድላቸው ውጪ ይሁን፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ስልክ መጥቶ ያንኑ ቁጥር ይይዛል።

አሁን ይሞክሩ። ከኤክስፒው ጥቁር መስኮት ላይ ፒንግ (ping) ብለው፣ አንድ ክፍተት ሰጥተው፣ 192.168.1.20 ብለው ይጻፉ። "ሪፕላይ ፍሮም 192.168.1.20" የሚሉ መስመሮች ከመጡ መንገዱ ክፍት ነው። "ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል" ካለ ማሽኑን ጭራሽ አላገኘውም፤ ኬብሉንና ቁጥሩን ይመልከቱ። "ሪኩዌስት ታይምድ አውት" ካለ ግን አይቸኩሉ። ማሽኑ እያለ ፋየርዎሉ መልስ ከልክሎት ሊሆን ይችላል፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

3. ስሙ

ራን ውስጥ ሁለት ወደ ኋላ የተጋደሙ ስላሾች አድርገው አይፒውን ይጻፉ፦ \\192.168.1.20። ፎልደሮቹ ከመጡ፣ በስም ሲጠሩት ግን የማይከፍት ከሆነ ችግሩ ስሙ ላይ ብቻ ነው። በአይፒው መጠቀም ይችላሉ፤ ምንም አይጎድልብዎትም።

ስሙን ለማስተካከል ከፈለጉ ሦስት ነገር ይመልከቱ። የኮምፒውተሩ ስም ከ15 ፊደል አይብለጥ፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም ይሁን። ወርክግሩፑ (የማሽኖቹ የቡድን ስም) በሁሉም ላይ አንድ ይሁን፤ ኤክስፒ ሆም ሲጫን "ኤምኤስሆም" የሚል ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሌሎቹ ግን "ወርክግሩፕ"። እንዲሁም ሁለት ማሽኖች አንድ ስም እንዳይኖራቸው። ዊንዶውሱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በጎስት (ዲስክን እንዳለ በሚቀዳ ፕሮግራም) ተገልብጦ ከሆነ ስሙም አብሮ ይገለበጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ኔትወርክ የሚለው መስኮት ውስጥ ማሽኑ አለመታየቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ዊንዶውስ 10 የድሮ ማሽኖችን እዚያ አይዘረዝርም። በአድራሻው ከከፈተ ሠርቷል።

4. ፋየርዎሉ

ብዙ ሰው ፋየርዎሉን ዘግቶ "ተሠራ" ይላል። እባክዎ እንደዚያ አያድርጉ። አንዱ ማሽን ቫይረስ ካለበት ሌሎቹን የሚጠብቃቸው እሱ ነው።

ይልቅ የኔትወርኩን ዓይነት ይመልከቱ። ዊንዶውስ 7 ላይ ኔትወርኩ "ፐብሊክ" ተብሎ ከተመዘገበ ወደ "ዎርክ" ይቀይሩት። ዊንዶውስ 10 ላይ ከ"ፐብሊክ" ወደ "ፕራይቬት"። ከዚያ አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ኔትወርክ ዲስከቨሪንና ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግን ያብሩ። ኤክስፒ ላይ ደግሞ በፋየርዎሉ ኤክሴፕሽንስ ዝርዝር ውስጥ ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ ላይ ምልክት ያድርጉ።

አንቲቫይረሱ የራሱ ፋየርዎል ካለው እሱንም ይዩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ለአንድ ደቂቃ ዘግተው ሊሞክሩ ይችላሉ። ሲጨርሱ ግን ወዲያው ይመልሱት።

5. የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል

ፒንግ መልስ ይሰጣል፣ ፋየርዎሉ ተስተካክሏል፣ አሁንም ኤክስፒውና አስሩ አይገናኙም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው።

ዊንዶውሶች ፋይል የሚጋሩበት ፕሮቶኮል ኤስኤምቢ ይባላል። ኤክስፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7 ሁለቱንም ያውቃል፤ ኤስኤምቢ 1ንም ኤስኤምቢ 2ንም። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከወጣው 1709 ከሚባለው እትም ጀምሮ አዲስ የሚጫን ዊንዶውስ 10 ላይ ኤስኤምቢ 1 ተዘግቶ ይመጣል፣ ወይም ለ15 ቀን ካልተጠቀሙበት ዊንዶውስ ራሱ ያነሳዋል። ስለዚህ ኤክስፒና አስር የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አስሩ ላይ ኤስኤምቢ 1 ጊዜ ያለፈበትና አደገኛ እንደሆነ የሚናገር መልእክት ካዩ ጉዳዩ ይኸው ነው።

የተዘጋውም በከንቱ አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍና ገንዘብ ሲጠይቅ የገባው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ በኩል ነበር። የሠርግ ፎቶና የደንበኛ ሰነድ የያዘ ቤት ይህን በቀላሉ ማየት የለበትም።

መፍትሔው ሰባቱ ነው። ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎችን የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሽማግሌ እንደሚያገናኛቸው፣ ሰባቱም ለኤክስፒው በኤስኤምቢ 1፣ ለአስሩ በኤስኤምቢ 2 ይመልሳል። ስለዚህ የጋራውን ፎልደር ሰባቱ ላይ ያድርጉት። ኤክስፒው ስካን ያደረገውን እዚያ ያስቀምጣል፣ አስሩ ከዚያ ያነሳል። አስሩ ላይ ምንም መክፈት አያስፈልግም። ሰባቱ ላይ ግን ኤምኤስ17-010 የሚባለው ማስተካከያ መጫኑን ያረጋግጡ። ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የሚዘጋው እሱ ነው። ማይክሮሶፍት በዚያው ሰሞን ለኤክስፒም ለብቻው አውጥቷል፤ እሱንም ይጫኑት።

ሰባት የሌለው ቤትስ? ኤክስፒና አስር ብቻ ካሉ እንዲህ ያድርጉ። አስሩ ላይ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፕሮግራምስ፣ ቀጥሎ ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ የሚለውን ይክፈቱ። ኤስኤምቢ 1.0 የሚለውን ዘርግተው ይዩት፤ ውስጡ ሦስት ምርጫ አለ። "ክላየንት" የሚለው ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ። "ሰርቨር" የሚለውን አይንኩት። "ኦቶማቲክ ሪሙቫል" የሚለውን ያጥፉት፤ አለበለዚያ ለ15 ቀን ካልተጠቀሙበት ዊንዶውስ ራሱ ያነሳዋል፣ ያኔ እንደገና "ትናንት ይሠራ ነበር" ማለት ይመጣል። ሪስታርት ያድርጉ። በዚህ መንገድ አስሩ ከኤክስፒው ይወስዳል እንጂ ኤክስፒው ወደ አስሩ አይገባም።

በሁለቱም መንገድ ቢሆን ኤክስፒውን ከኢንተርኔት ያርቁት። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ድጋፍ መስጠት ያቆመው በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ነው። ቋሚ አድራሻ ሲሰጡት "ዲፎልት ጌትዌይ" የሚለውን ቦታ ባዶ ይተዉት። ከቤቱ ማሽኖች ጋር ይነጋገራል፣ ወደ ውጭ ግን መውጫ አያገኝም። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትጠብቃለች።

6. ፈቃዱ

አሁን ማሽኑ ይገኛል፣ ግን "አክሰስ ዲናይድ" ይላል ወይም ፓስዎርድ ይጠይቃል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ እስካሁን ያለፍናቸው ደረጃዎች ሁሉ ሠርተዋል ማለት ነው።

ብዙ ባለቤቶች "ፓስዎርድ ካደረግን ልጆቹ ይረሱታል" ይላሉ። ነገር ግን ፓስዎርድ የሌለው ዩዘር በኔትወርክ እንዳይገባ ዊንዶውስ ራሱ ይከለክላል። ስለዚህ ባዶ ፓስዎርድ ሥራውን አያቀልም፣ ያስቸግራል እንጂ። ሰባቱ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ አንድ ዩዘር ይፍጠሩ፣ ፓስዎርድ ይስጡት። ከሌሎቹ ማሽኖች ሲገቡ እሱን ይጠቀሙ። ዩዘር ኔሙን ሲጽፉ ከፊቱ የሰባቱን ኮምፒውተር ስምና አንድ ወደ ኋላ የተጋደመ ስላሽ ያስቀድሙ። "ሪሜምበር" የሚለው ላይ ምልክት ካደረጉ በየቀኑ አይጠይቅም።

ፎልደሩ ሁለት በር አለው። አንደኛው "ሼሪንግ" የሚለው ገጽ ላይ ያለው ፈቃድ ነው፣ ሁለተኛው "ሴኩሪቲ" የሚለው ገጽ ላይ ያለው። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፣ ጠበቅ ያለውም ያሸንፋል። ሼሪንግ ላይ "ፉል ኮንትሮል" ሰጥተው ሴኩሪቲ ላይ "ሪድ" ብቻ ካለ ይከፈታል፣ ሴቭ ማድረግ ግን አይቻልም። "ይከፍታል ግን አያስቀምጥም" የሚል ቅሬታ ሲሰሙ በቀጥታ ወደዚህ ይምጡ። "ኤቭሪዋን" ብሎ ለሁሉም ከመክፈት ለፈጠሩት ዩዘር ብቻ በሁለቱም ገጽ መጻፍ የሚችልበትን ፈቃድ ይስጡ። መላውን ሲ ድራይቭ ሼር አያድርጉ፤ አንድ ፎልደር ይበቃል።

ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ "ትክክል አይደለም" ካለ የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። የአሮጌ ማሽን ማዘርቦርድ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች። ስትሞት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎችም አሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያስበው በፈረንጆቹ ነው። በሁለት ማሽኖች መሀል የዓመታት ልዩነት ካለ ትክክለኛውን ፓስዎርድ ላይቀበል ይችላል። ባትሪዋን ይቀይሩ፣ ቀኑን ያስተካክሉ።

ለየት ያሉ መልእክቶች

"ኖት ኢናፍ ሰርቨር ስቶሬጅ ኢዝ አቬይለብል" የሚል ሲመጣ ብዙ ሰው ሃርድ ዲስኩ ሞላ ብሎ ፎቶ ማጥፋት ይጀምራል። ምንም አያጥፉ! ከዲስኩ ጋር አይገናኝም። በአሮጌ ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንቲቫይረስ ከተጫነ በኋላ የሚመጣ ነው። ፎልደሩ ያለበት ማሽን ላይ ሬጅኤዲት (regedit) ብለው ሬጅስትሪውን፣ ማለትም የዊንዶውስን የውስጥ ሴቲንግ መዝገብ፣ ይክፈቱ። መጀመሪያ ከፋይል ሜኑው ኤክስፖርት ብለው ኮፒ ያስቀምጡ። ከዚያ ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ሰርቪስስ፣ ላንማን ሰርቨር፣ ፓራሜተርስ እያሉ ይግቡ። አይአርፒ ስታክ ሳይዝ (IRPStackSize) የሚል ካለ በዴሲማል ያለውን ቁጥር በ3 ይጨምሩ። ከሌለ አዲስ ዲወርድ ፈጥረው 18 ይስጡት፤ ሳይጻፍ የሚሠራበት ቁጥር 15 ነው። ስሙ ሲጻፍ ያለ ክፍተት ተያይዞ ነው፤ አይ፣ አር፣ ፒ በትልቅ ፊደል፣ ስታክ እና ሳይዝ የመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ በትልቅ። በትንሽ ፊደል ከጻፉት አይሠራም። ሪስታርት ያድርጉ። ካልተስተካከለ እንደገና በ3 ይጨምሩ፤ ጣሪያው 50 ነው።

"ኖ ሞር ኮኔክሽንስ" ካለ ኤክስፒው ሞልቷል። ፕሮፌሽናሉ በአንድ ጊዜ 10፣ ሆሙ 5 ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ትልቅ የሠርግ ቪዲዮ ግማሽ ላይ ደርሶ ወይም ገና ሳይጀምር እምቢ ካለ ደግሞ የሚያስቀምጡበት ዲስክ ፋት32 መሆኑን ይዩ፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

በየተወሰነ ሰዓቱ የሚጠፋና የሚመለስ ግንኙነት ካለ ሰባቱ ስሊፕ እያደረገ ሊሆን ይችላል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ስሊፕን "ኔቨር" ያድርጉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ችግር የለም።

መብራት ሲመለስ

ሁሉንም በአንድ ላይ አያብሩ። መጀመሪያ ራውተሩና ስዊቹ፣ ቀጥሎ ፎልደሩ ያለበት ሰባቱ። እሱ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ኤክስፒውንና ላፕቶፑን ያብሩ። ፎልደሩን እንደ ድራይቭ ማፕ አድርገውት ከሆነና ቀይ ኤክስ ምልክት ካሳየ አይደንግጡ፤ ማሽኑ ሰባቱን ቀድሞት ተነስቶ ነው። ድራይቩን ደብል ክሊክ ያድርጉት፣ ይከፈታል። ካልተከፈተ ከአንደኛው ደረጃ፣ ከኬብሏ መብራት ይጀምሩ።